የተደፈኑት መተንፈሻዎች

በዚያ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር የነበርነው እነዚህ ነን። አባቴ። የአባቴ ታላቅ እህት፣ እኔም እህቴም እትዬ የምንላት። የአባቴ የድሮ ጓደኛ፣ አውቶቡስ የሚነዳው፣ ጋሼ የምንለው። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ታናሽ እህቴ። እኔ። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ከዚያ ወዲህ ታሪኩን ያልነበሩ ሰዎች ሲያወሩት ስለምሰማ ነው። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «አይዞህ፣ ልጅነት ነው፤ ሁለተኛ አትሞክረውም» አለችኝ። ምኑን እንደሆነ ሁለተኛ የማልሞክረው አልጠየቅኳትም። ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ ግን ጥርሴን እንደነከስኩ ነበር።

አንድ አሮጌ ፒክ አፕ አለኝ። ከኋላው ካምፐር ተጭኖበታል፤ አልጋ፣ ምድጃና ጠረጴዛ ያላት ትንሽ ቤት በሉት። ሲነዳ ጣሪያው ዝቅ ብሎ ይተኛል፣ ሲቆም ወደ ላይ ይነሳል። የሚነሳው ክፍል ግድግዳው እንጨትም ቆርቆሮም አይደለም፤ ሸራ ነው። በበጋ ደስ ይላል። በበረዶው ወራት ግን ድንኳን ውስጥ ከመተኛት አይለይም። ስለዚህ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር እዚህ ኖርዌይ ብሪን የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ መጋዘን ጥግ ተከራየሁና ከሥራ በኋላ ሁልጊዜ እዚያ ነበርኩ።

ማንም አላስተማረኝም። ቪዲዮ አይቼ፣ ሠርቼ፣ አፍርሼ፣ እንደገና ሠርቼ ነው። ለሸራው ከውስጥ በኩል ሁለተኛ ግድግዳ ሰፋሁለት፤ ውጭና ውስጡ ቀጭን ናይለን፣ መሃሉ እንደ ጃኬት የተሞላ፣ ጣሪያው ሲወርድ አብሮ የሚታጠፍ። መጀመሪያ አወፈርኩትና ጣሪያው አልዘጋ አለኝ፤ ስፌቱን በሙሉ ተረተርኩት። ጣሪያው ላይ ጠንካራ ስፖንጅ ቆርጬ አጣበቅሁ። የአሉሚኒየሙ ማዕዘኖች ብርዱን ከውጭ ወደ ውስጥ ቀጥ አድርገው ስለሚያሳልፉ በቡሽ ሸፈንኳቸው። ከፍራሹ ሥር አየር እንዲያልፍ የእንጨት ርብራብ አስገባሁ። ማሞቂያው በናፍጣ ይሠራል፣ ጭሱን ወደ ውጭ ይተፋል።

ከሁሉ በላይ የተጨነቅሁት ግን በሁለቱ መተንፈሻዎች ነው። አንዱ በሩ አጠገብ ወደ ወለሉ ዝቅ ብሎ ነው፣ ሌላው ጣሪያው ላይ። ሰው ሲተነፍስ እንፋሎት ያወጣል፤ ድስት ሲፈላም እንደዚያው። ያ እንፋሎት መውጫ ካጣ ቀዝቃዛ ነገር ላይ አርፎ ውሃ ይሆናል። ውሃው የሰፋሁትን ግድግዳ ያረጥበዋል፣ የረጠበ ደግሞ ሙቀት አይዝም። ምግቡ የሚበስለው በጋዝ ስለሆነ እሳቱ ራሱ አየር ይፈልጋል። አየር በታች ይገባል፣ እንፋሎት በላይ ይወጣል። እነዚያ ቀዳዳዎች ከሌሉ ሌላው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው።

ይህን ሁሉ የለፋሁት ለአባቴ ነው። አባቴ ማዮርስቱን አካባቢ ያሉ ቢሮዎችን ሲያጸዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። የኖርዌይን ተራራ የሚያውቀው እነዚያ ቢሮዎች ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉ ፎቶዎች ነው፤ መስታወታቸውን ይወለውላል። በኖርዌዮቹ ፋሲካ ሳምንት የቢሮው ሠራተኞች ወደ ተራራ ሲሄዱ ለእሱ ወለል በማሽን የሚታጠብበት ሳምንት ነበር። ሲመለሱ አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጦ ያያል። አንድ ቀን ብሪን መጥቶ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና ስሰፋ ሲያየኝ ቆየ።

«በዚህ ተራራ ይኬዳል?» አለኝ።

«ይኬዳል።»

«እኔም?»

አባቴ አንድ ነገር ፈልጎ ሲጠይቀኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ግን አስም አለበት። እትዬ ደግሞ ያሳደገችው እሷ ናትና እሺ አላለችም። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ተስማማን፤ በጾሙ መሃል አንድ ቅዳሜ ከከተማው ብዙ ወደማይርቅ ሐይቅ እንሄዳለን፣ ቀኑን እንውላለን፣ ሌሎቹን አመሻሽ ላይ መልሼ እኔና አባቴ እናድራለን። ደረቱ ደህና ከሆነ ለፋሲካቸው ሳምንት ተራራ ይወጣል። ደረቱን ካመመው ነገሩ አበቃ። ይህን አምስታችንም አውቀን ነው የሄድነው።

እንደደረስን ጣሪያውን አነሳሁ፣ ማሞቂያውን አበራሁ። እትዬ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ እግሯ አጠገብ ያለውን መተንፈሻ አየችው።

«ይሄ ነፋስ ያስገባል።»

«እንዲያስገባ ነው የተሠራው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምኑን ቤት ሆነ?»

«ሠርቶ ሠርቶ ሲጨርስ በሳው» አለ ጋሼ። አባቴ ሳይቀር ሳቀ።

መተንፈሻዎቹ ለምን እንዳሉ ያን ጊዜ አስረዳኋቸው። ከዚያ ደግሜ አስረዳኋቸው። እህቴ በኖርዌይኛ «ያ፣ ያ» አለችና «ገባን እኮ፤ ፈተና አለው እንዴ?» ብላ አላገጠችብኝ። እትዬን ለብቻዋ «እንዳይነካ» አልኳት። «ማን ይነካዋል» አለች። እነዚህ ቃሎቿ ናቸው።

እኔና አባቴ የበረዶ መሰርሰሪያውን ይዘን ልንወርድ ስንል ጋሼ ከበሩ ላይ ሆኖ ጮኸብን።

«ሁዳዴ መሆኑን አትርሱ። ዓሣ ብትይዙ ምን ልታደርጉት ነው?»

«መያዝም ይጾማል እንዴ?» አለው አባቴ።

«ይበላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ከአባ አፍ አልሰማሁም» አለች እትዬ ሽንኩርቷን እየላጠች።

«መጀመሪያ ይያዝ። ጭቅጭቁ አያመልጠንም» አላት አባቴ።

በረዶው ላይ ረጅም ጊዜ ቆየን። ምንም አልያዝንም። አባቴ በቆፈርኩለት ጉድጓድ አፍ ላይ ገመዱን ይዞ ተቀምጦ ዙሪያውን ሲያይ «እዚህ የሚጸዳ ነገር የለም» አለ። የአንገቱን ቁልፍ ፈትቶ ደረቱ ደህና እንደሆነ ነገረኝ። አተነፋፈሱን ሳዳምጥ ነበርና አውቀዋለሁ። ሲጢጥ የሚለው ድምፅ አልነበረም።

ከዚያ ራበኝ ብሎ ቀድሞኝ ወጣ። ዕቃውን እየሰበሰብኩ ቀና ስል በሩን ሲከፍት አየሁት። ነጭ እንፋሎት ተግተልትሎ ወጣ። ገባና በሩን ከኋላው ዘጋው፣ እኛ ቤት ሁሉም ሰው እንደሚዘጋው፣ ነፋስ እንዳይከተለው። ሮጥኩ።

ስከፍተው ያየሁትን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። የሰፋሁት ግድግዳ ውሃ ያንጠባጥባል። ጣሪያው ያልበዋል። በርበሬና ሽንኩርት ዓይን ያቃጥላል። እህቴ አልጋው ላይ ተጋድማ ግንባሯን ይዛለች። ጋሼ ቁጭ እንዳለ አንገቱ ወደ ደረቱ ዘንበል ብሏል። እትዬ በአንድ እጇ ግድግዳውን ተደግፋ በሌላው ታማስላለች። አባቴ መሃል ቆሞ እየሳለ ነው፤ አየር መሳብ አቅቶታል።

የታችኛው መተንፈሻ ውስጥ የእትዬ የአንገት ልብስ ተጠቅጥቋል። ላላ ብሎ የገባ አይደለም፤ በማማሰያ እጀታ የተገፋ ነው። የላይኛው ክዳኑ ተዘግቶ በዳርና ዳሩ ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ ከራሴ የመሣሪያ ሳጥን በወጣ ፕላስተር። የማይታይና የማይሸት መርዘኛ ጋዝ ሲጠራቀም እንዲጮህ የሰቀልኩት አላርም ደግሞ የሻወር ቆብ አጥልቋል።

ቆቡን ለማያውቅ ላስረዳ። ትቬይታ፣ እትዬ የምትኖርበት ፎቅ ውስጥ፣ ሽንኩርት ሲቁላላ የጭስ አላርም ይጮሃል። አንድ ጊዜ የእሳት አደጋ መኪና መጥቶ ጎረቤት ሁሉ በፒጃማ ደረጃው ላይ ከቆመ ወዲህ፣ ወጥ ከመጣዱ በፊት አላርሙ ላይ የሻወር ቆብ ይደረጋል። የእኛ ሰው ቤት ሁሉ እንዲህ ነው። እኔም እቤቴ አደርገዋለሁ። ግን ያ የጭስ አላርም ነው፣ በሰፊ ቤት ውስጥ። የእኔ ስለ ሽንኩርት አይጮህም። የጮኸው እየሞቱ ስለነበረ ነው።

ጋዙን አጠፋሁ። «ውጡ» አልኩ።

«ካፖርቴን ልልበስ» አለች እትዬ።

«ውጪ።»

እህቴን በብብቷ ይዤ አወረድኳት። ጋሼን ሁለት ጊዜ በጥፊ መታሁት፤ ነቃ። አባቴ በረዶው ላይ ተንበርክኮ የአስም መድኃኒቱን ሳበ። እትዬ በእጇ ይዛ የወጣችውን ካፖርት ጀርባው ላይ ጣለችና «አላልኩም? ብርዱ ደረቱ ገባ» አለች።

ድንገተኛ ሕክምና ወሰድኳቸው። ነርሷ ስለ ሁሉም ትጠይቃለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ። እትዬ «ብርድ መታው በላት» አለችኝ፤ ያለችውን ቃል በቃል ተረጎምኩ። ከዚያ ያየሁትን ሦስት ነገር ጨመርኩ። ነርሷ ስለ ብርዱ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። ሁሉንም ኦክስጅን ላይ አደረገቻቸው፣ ደማቸውን መረመሩ፣ የተበላሸው አየር እንደሆነ በግልጽ ነገሩን። ይህንንም ተረጎምኩ።

«እነሱ ነፋስ የሚባል በሽታ አያውቁም» አለች እትዬ።

ጋሼ ኦክስጅኑ አፍንጫው ላይ እንዳለ «ያንተ ሳጥን ሊፈጀን ነበር» አለኝ። ቀልዱን ነው። ዛሬ በየአዳራሹ የሚዞረው ግን ያ ቀልድ ነው፣ ቀልድነቱ ተቆርጦ።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ይህ ነው። ደረቱን ይጎዳዋል ብላ ፈራች፤ ፍርሃቷ ደረቱን ጎዳው፤ የተጎዳው ደረት ደግሞ ፍርሃቷ ትክክል እንደነበር ማስረጃ ሆነላት። ይህን ቀለበት ሰብሬ መውጣት አልቻልኩም። መሳሪያ አለኝ፣ ልኬት አለኝ፣ ለዚህ የሚሆን የለኝም። የሰፋሁት ግድግዳ አልደርቅ ብሎ ሻገተ፤ ከነሙላቱ ጣልኩት። እሱ እንኳን ግድ የለም፣ ጨርቅ ነው። በማግስቱ ትቬይታ ስንሄድ እትዬ ወጥ ቤት በር ላይ አባቴን አስቁማ «በእናታችን አጥንት ይዤሃለሁ፣ ተራራ አትውጣ» አለችው። እሱም «እሺ» አለ። ፋሲካቸው መጣና አለፈ። አባቴ ሶፋው ላይ ቴሌቪዥን ሲያይ ዋለ። አንድም ቀን ስለ ተራራ አላነሳም።

አሁን እንደገና በረዶ እየመጣ ነው። አዲስ ግድግዳ ሰፍቼ ጨርሻለሁ፤ በታችኛው መተንፈሻ ላይ በእጅ የማይደረስበት ወንፊት ብረት ገጥሜበታለሁ። መሐላውን እኔ መፍታት አልችልም። ግን መሐላው የቆመበት ወሬ ሐሰት ነው።

ስለዚህ እዚያ የነበራችሁ ጨምሩበት። እኔ የማውቀው ከበሩ ወዲህ ያለውን ነው። እትዬ፣ ጨርቁን የጠቀጠቅሽው ገና እንደወጣን ነው ወይስ ሽንኩርቱ ከተጣደ በኋላ? ጋሼ፣ ፕላስተሩን የለጠፍከው አንተ ነህ፤ ቁመቱ የሚደርሰው አንተ ብቻ ነህና አትካደኝ፤ ግን ቆቡን ያጠለቀው ማን ነው? አላርሙ ምን ያህል ጮኸ? እህቴ፣ ያኔ ምን አልሽ? ወይስ ተኝተሽ ነበር? አባዬ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ እኔ ኮሪደሩ ላይ ስለነበርኩ ፊትህን አላየሁም። ያን «እሺ» ያልካት ተራራው ስለቀረልህ ደስ ብሎህ ነው ወይስ እንድትተውህ ብለህ? የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። ለእኔ መንገር ከከበዳችሁ ለአባቴ ንገሩት፤ ተራራ ለመውጣት ሲስማማ መኪናውን ለማስነሳት አንድ ቀን ይበቃኛል።