የጎረቤቴ እንዶድ

አሜሪካ፣ ፓይን ሌክ በምትባል ከተማ ልጄ ቤት ስኖር ቀን በሬን የሚያንኳኳ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ከአጥር ማዶ ያለች በዕድሜ የምታህለኝ ጥቁር አሜሪካዊት። ልጄ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ስለምትሠራ ማለዳ ወጥታ ሲመሽ ነው የምትመለሰው። እኔና ጎረቤቴ በተማሪ ቤት እንግሊዝኛዬ የምንግባባውን ያህል እየተግባባን ደጅ ላይ እንቀመጣለን።

በበልጉ ወቅት አጥሯ ሥር የበቀለ ለጋ ቅጠል ስትቀነጥስ አየኋት። ተክሉን አውቀዋለሁ። ግንዱ ቀላ ከማለቱ በቀር እንዶድ ነው። ልብስ ልታጥብበት መሰለኝ፤ ማሽን እያላት ለምን እንደምትደክም ግን አልገባኝም።

ቀትር ላይ ቅጠሉን ቀቅላ፣ በሽንኩርት ጠብሳ፣ በሳህን ይዛልኝ መጣች። ያደገችው በአሜሪካ ምዕራብ፣ ዛፍ በማይታይበት የሣር ሜዳ አገር ነው። በረዶው ሲቀልጥ እናቷ መጀመሪያ የምትለቅመው የዱር ሽንኩርቱን እንደነበረ፣ ከዚያ ይህ እንደሚከተል አጫወተችኝ። እኛ ዘንድ እንዶድ ነጠላ ያነጣል፣ ወንዝ ከገባ ዓሣ ይገድላል። ወደ አፉ የሚያስጠጋው ሰው አላየሁም።

ጓዳ ገብቼ ለልጄ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ እንዳትነኪው። ጉግል ላድርገውና እደውልልሻለሁ» አለችኝ። አልደወለችም።

ስመለስ ሴትዮዋ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሹካ አስቀምጣ ትጠብቀኛለች። እምቢ ካልኩ ሁለተኛ በሬን እንደማታንኳኳ ታወቀኝ። በእኛ ወግ ያቀረበ ሰው ቀድሞ ይቀምሳልና ትቅመስልኝ ብዬ ጠበቅሁ። በእሷ ወግ ደግሞ የተጋበዘ ይቀድማል መሰለኝ፣ እሷም ጠበቀች። ምግቡ በመካከላችን ቀዘቀዘ።

በመጨረሻ መርዝ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ነው እንጂ፣ ሃኒ» አለች ሳትደነግጥ። «ጥሬውን የበላች ላም ትወድቃለች። እኔ ውሃውን እየደፋሁ ደጋግሜ ቀቅዬዋለሁ።» ይህን ብላ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

አይደለም ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። በሹካ ጫፍ ወሰድኩ። ጎመን ጎመን ይላል፤ መጨረሻው ላይ ምላስ ይይዛል። ያኔ እሷም ጀመረች። ጣፈጠሽ ወይ ብትለኝ አዎ አልኳት፤ ከልቤ ይሁን ለይሉኝታ እኔም አልለየሁትም። ሳህኑ ሲያልቅ ደጅ ወጥተን ተቀመጥን። ስለ እናቷ ታወራልኛለች፤ እኔ በአንድ በኩል እሷን፣ በአንድ በኩል ሆዴን አዳምጥ ነበር።