ሩቅ ነው ያለችኝ ጎረቤቴ

በቦኬ ወረዳ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከመሃል አገር ተመድቤ ስመጣ ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ ቆየሁ። ቅዳሜና እሁድ ጭሮ ከተማ እየተመላለስኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር የመመረቂያ ጥናቴን ርዕስ ለመምረጥ አልተቸገርኩም። እናቶች ጤና ጣቢያ እያለላቸው ለምን ቤታቸው ይወልዳሉ?

አማካሪዬ "በቁጥር ነው የምታጠኚው ወይስ በቃል?" ሲሉኝ ሳላንገራግር በቁጥር አልኩ። መጠናዊ ጥናት የጠራ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ይጠየቃል፣ ይቆጠራል፣ ይወዳደራል። ዓይነታዊ የሚሉት፣ ቁጭ ብሎ ሰው ማናገሩ፣ ለእኔ ከወሬ መልቀም አይለይም ነበር።

ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ባልደረባዬ ጋር መጠይቁን ይዘን ቤት ለቤት ዞርን። እሷ የአገሩ ልጅ ናት፤ ጥያቄውን በኦሮምኛ ታነባለች፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ። ጤና ጣቢያ ያልወለዱት ለምንድን ነው? ርቀት፣ ገንዘብ፣ የባል ፈቃድ፣ ሌላ።

አብዛኞቹ ርቀት አሉ። መልሱ እጄ የገባ መስሎኝ ደስ አለኝ። መጠይቆቹን ኮምፒውተር ላይ ሳስገባ ግን አንዷ ላይ ቆምኩ። የሴትየዋ ቤት ከጤና ጣቢያው አጥር ጀርባ ነው። ልጆቿ ሲያለቅሱ ማዋለጃ ክፍል ሆኜ እሰማለሁ።

"ይሄ ስህተት ነው፤ ላውጣው" አልኳት ባልደረባዬን።

"ስህተት አይደለም። ሁለቴ ጠይቄያታለሁ፤ ሁለቴም ሩቅ ነው አለች።"

"እንዴት ሩቅ ይሆናል?"

"እኔን ከምትጠይቂ እሷን አትጠይቂም?"

በማግስቱ ብቻዬን ሄድኩ። ወረቀት አልያዝኩም። በሯ ላይ ተቀምጣ ማሽላ ትለቅማለች። "ሲስተር፣ ግቢ" አለችኝ ገበያ በለመደችው አማርኛ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዘገየው ዝናብ አወራንና ለምን ሩቅ እንዳለች ጠየቅኳት።

እጇን ከማሽላው ላይ አነሳች። "ረሳሽ እንዴ?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"የመጀመሪያ ልጄን ያዋለድሽኝ አንቺ ነሽ። አመመኝ፣ ጮኽኩ። ጣትሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ተቆጣሽኝ። እናቴ እጄን ይዛ ነበር፤ አስወጣሻት። ያን ጊዜ እኔ አማርኛ አላውቅም፣ አንቺም ኦሮምኛ አታውቂም። በሩማ ቅርብ ነው። ውስጡ ነው የራቀኝ።"

አላስታወስኳትም። ይበልጥ ያሳፈረኝ ያ ነው። በዚያች አልጋ ላይ ስንቷን ተቆጥቼ ስንቷን ረስቻለሁ? "ይቅር በይኝ" አልኳት። "አላህ ሁላችንንም ይቅር ይበለን" ብላ ወደ ማሽላዋ ተመለሰች።

ቅዳሜ ጭሮ ስደርስ መጠይቁን በሙሉ ልጥለው፣ በቃለ መጠይቅ ብቻ ልሥራ ብዬ ለአማካሪዬ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው እስክጨርስ አዳመጡኝ።

"መጀመሪያ ሴቶቹን በቁጥር ሸፈንሻቸው፤ አሁን ደግሞ በአንዲት ሴት ልትሸፍኛቸው ነው" አሉኝ። "የነገረችሽ እውነት ነው። ግን የስንቶቹ እውነት እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ሁለቱንም። መጠይቁ የት ሄደሽ ማንን እንደምታናግሪ ያሳይሽ፤ ሴቶቹ ደግሞ መልሳቸው ምን ማለት እንደሆነ ይንገሩሽ።"

ሁለቱን የሚያጣምረውን ቅይጥ ዘዴ ለፈተና ሸምድጄው ነበር። የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

ርቀት ያሉትን በየመንደራቸው ለየኋቸውና ከየመንደሩ ጥቂቶቹን አናገርኩ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ስለ ቁጣ አንዳች አላነሱም። "ወንዙ ሲሞላ አምቡላንስ አይሻገርም። ቃሬዛ የሚሸከሙት ወንዶች ገበያ ከወረዱ ማን ያደርሰናል?" አለችኝ አንዷ፣ መጠየቄ ራሱ እያስገረማት። ለእነሱ ርቀት ማለት ያው ርቀት ነው። በጤና ጣቢያው ዙሪያ ያሉት ግን ቀስ በቀስ እንደ ጎረቤቴ ተናገሩ፤ አንዳንዷ የምታወራው ስለ እኔ መሆኑን ሳታውቅ፣ አንዳንዷ እያወቀች። ባልደረባዬ ስታስተረጉምልኝ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር። እንዳለ ንገሪኝ አልኳት፤ እንዳለ ጻፍኩት።

ጥናቴን ሳቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ "ሴቶቹ የሚያነሷት ያቺ ነርስ ማን ናት?" ብለው ጠየቁኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ፈታኙ ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር ጫሩ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጥናቱን አንብበው ወላዷ የመረጠችው አንድ ሰው አብሯት እንዲገባ ፈቀዱ። ወንዙ ላይ ግን ድልድይ አልተሠራም። ጎረቤቴም ሦስተኛ ልጇን እዚያው ቤቷ ወለደች፤ የሰማሁት በማግስቱ ነው። ደህና መሆኗን አይቼ ተመለስኩ፤ ለምን አልመጣሽም ብዬ አልጠየቅኳት።

ኦሮምኛዬ ዛሬም ይሰባበራል፤ ወላዶቹ በምጥ መሃል ይስቁብኛል። አንዳንድ ቀን አንድ ሰው ብቻ ብንልም እናትም አማትም እህትም ይገባሉ፤ ትዕግሥቴ ያልቅና ውጡ ልል አፌ ላይ ይደርሳል። ያኔ ባልደረባዬን እጠራታለሁ። እሷ ሳቋን እንደያዘች ለእጄ ማንቀሳቀሻ የምትሆን ቦታ ታስለቅቅልኛለች።