የአቡ ሰሚር ባልዲ

ባለፈው እሁድ እዚህ ቤሩት፣ ሳብራ ገበያ ከጫማ ክምር ፊት ቆሜ ስመርጥ፣ ከመጣች ሦስት ወር ያልሞላት ፎዚያ የምትባል የከሚሴ ልጅ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «እትዬ ከድጃ፣ ማዳሜ ጠዋት ማታ ‹ዚፍት› ትለኛለች፤ ምን ማለቷ ነው?» አለችኝ። ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ ሳቄ ጠፋ። «የማይረባ ማለቷ ነው፤ ሌላም ትርጉም አለው» ብያት ሌላውን ሳልነግራት ቀረሁ። ያቺን ቃል በሰማሁ ቁጥር አንድ ሰው ፊቴ ድቅን ይልብኛል።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከቤሩት ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ያለ ቤት ነበር የምሠራው። ቁርአን የቀራሁ የወሎ ልጅ ነኝና አረብኛ አውቃለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። ወይ እኔ! የማዳሜ አረብኛ እኔ ከቀራሁት ጋር ሰላምታም የለው። በግምት ነበር የምኖረው። ሩዝ ሲያር «ዚፍት!»፣ መብራት ሲጠፋ «ዚፍት!»፣ እኔ ብርጭቆ ስሰብር «ዚፍት!» ኸላስ፣ በቃ፣ ዚፍት ማለት የሚጣል ነገር ነው ብዬ ደመደምኩ።

በዚያ ጸደይ የማዳሜ ባል፣ ሚስተር የምንለው፣ በበጋ ለሚመጡት የልጅ ልጆቹ የመዋኛ ገንዳ ማስተከል ጀመረ። ግድግዳው ብረት ነው። ግቢው ተዳፋት ስለሆነ ገንዳው በታች በኩል ይታያል፣ በላይ በኩል ግን መሬት ውስጥ ይቀበራል። ሥራውን የያዘው አቡ ሰሚር የሚባል ጎልማሳ ሶሪያዊ ነበር። ሻይ ሳወጣለት ዘዕተር የሚሉት ቅመም የተቀባ ዳቦውን ገምሶ ይሰጠኛል። አኪዲኒያ የሚሉትን ቢጫ ፍሬ ከዛፉ ለቅሞ፣ «ብዪ፣ ልጄ» ይለኛል። በዚያ ቤት ልጄ ብሎ የጠራኝ እሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከአፈር ያወጣውን የዛገ ሚስማር በጣቶቹ ፍርክስክስ አድርጎ አሳየኝ።

«አየሽ? የሚታየውን ብረት በፈለግሽ ጊዜ ትቀቢዋለሽ። የሚቀበረውን ግን አፈሩ ከመመለሱ በፊት ካልቀባሽው አለቀለት» አለኝ፤ ግማሹን በአፉ፣ ግማሹን በእጁ እያስረዳ።

የተጫረውን ቦታ ሁሉ በግራጫ ቀለም እየደፈነ ሰነበተና፣ በላዩ የሚቀባውን ጥቁር ነገር በትልቅ ባልዲ አምጥቶ ከአኪዲኒያው ሥር አኖረው።

ቅዳሜ ዕለት አቡ ሰሚር የለም። ሚስተር ወደ ከተማ ሊወርድ ሲል ከመኪናው ውስጥ ባልዲውን እያመለከተ፣ «ኻዲጄ! ሺሊ ዚፍት ሚን ሆን! ፀሐይ መታው!» አለኝ። ዚፍቱን ከዚህ አንሺ ማለቱ ነው። ክዳኑን ከፈት አድርጌ አየሁ። የተቃጠለ ዘይት የመሰለ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ። እውነትም ዚፍት! አልኩ። እየጎተትኩ፣ እያረፍኩ ቁልቁለቱን ወርጄ መንገድ ዳር ካለው የቆሻሻ በርሜል አጠገብ ጣልኩት። የቆሻሻ መኪናው ሲወስደውም አየሁ። ተመልሼ እጄን በሳሙና ታጠብኩና ምስጋና ስጠብቅ ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት ጉድ ፈላ። ሚስተር አቡ ሰሚር ፊት ቆሞ፣ «ዚፍቱ የት አለ? ዚፍቱ የት አለ?» እያለ ይጮኻል። ግራ ገባኝ። ሰው የሚሰድበውን ሰው ፊቱ አቁሞ የት አለ ይላል እንዴ? አቡ ሰሚር በልጆቹ እየማለ ወደ ዛፉ ሥር ያመለክታል። ሚስተር «ሸጠኸዋል!» ይለዋል። መጨረሻ ላይ አቡ ሰሚር ወደ እኔ ዞሮ፣ «ልጅቷን ጠይቃት» አለ።

«ኻዲጄ፣ እዚህ ዚፍት ነበር?» አለኝ ሚስተር።

እኔ እንግዲህ ለአቡ ሰሚር መስክሪለት የተባልኩ መሰለኝ። አንጀቴን በልቶኛል፤ ደፈር ብዬ «ላ፣ ሚስተር! ማ ፊ ዚፍት ሆን!» አልኩ። እዚህ ዚፍት የሚባል ሰው የለም፣ ደህና ሰው ነው ማለቴ ነበር።

ሚስተር እጁን አጨበጨበ። «ሰማህ? የለም አለች!»

አቡ ሰሚር አልተቆጣኝም። ትክ ብሎ አየኝ። ሚስተር በሩን ሲያሳየው ብሩሾቹን በፌስታል ጠቅልሎ ወጣ። ደግ ተናግሬለት ለምን እንደዚያ አየኝ? እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ።

በጋው ስለደረሰ ሌላ ሰው መጥቶ አፈሩን እንዲሁ መለሰው። ከሦስት ሳምንት በኋላ በደጃችን መንገድ ይሠራ ጀመር። ማዳሜ በረንዳ ላይ ቆማ፣ «ሐምዱሊላህ፣ በመጨረሻ ዚፍት አመጡልን!» አለች፤ ፊቷ በርቷል። የሚጣል ነገር ሲመጣላት ደስ ይላታል እንዴ? ብዬ አንገቴን አወጣሁ። ሠራተኞቹ የሚያፈሱት ያው ጥቁር፣ ያው የሚሰነፍጥ ሽታ። ክው አልኩ። ለካ ዚፍት ሬንጅ ነው! ስድቡ ከዚያ የመጣ ነው። ለካ ሚስተር ቅዳሜ ወደ ጥላ አንሺ ያለኝም፣ ሰኞ ትእዛዙን ረስቶ የጠየቀኝም ሬንጁን ነው፤ እኔም በአቡ ሰሚር ላይ የለም ብዬ መስክሬበታለሁ።

ወዳስቀጠረኝ ቢሮ ይመልሱኛል ብዬ ሁለት ቀን ደበቅሁት። በሦስተኛው ቀን ለሚስተር ነገርኩት። ዱላ ስጠብቅ እሱ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ማዳሜንም ጠርቶ አስደገመኝ። በማግስቱ ሁለት ሠራተኞች መጥተው አፈሩን ዛቁ። ድንጋይ የጫረው ብረት እዚህም እዚያም ቡናማ ነጠብጣብ ጀምሮት ነበር። ፈግፍገው፣ ግራጫውን ደግመው፣ ሬንጁን ሁለት ጊዜ ቀብተው፣ ውሃ እንዳይተኛበት በጠጠር ሞሉት። ገንዳው ዳነ።

«አቡ ሰሚርስ? ተነገረው?» አልኩ።

«ኸላስ፣ ኻዲጄ። ሌላ ሥራ ይዟል፣ ረስቶታል።»

በሳምንቱ ደግሜ ጠየቅሁ። «ያኒ፣ እንግዲህ ምን አገባሽ አንቺ? አለቀ አልኩሽ» አለኝ። ለእንግዳ ሁሉ ግን ያወራው ነበር። ትሪ ይዤ ስገባ «በይ እስቲ በይው» ይሉኛል፤ እኔም «ማ ፊ ዚፍት!» እላለሁ፣ ቤቱ በሳቅ ያልቃል።

ያ ሁሉ ካለፈ ብዙ ዓመት ሆነው። ዛሬ ፉርን ኤል ሸባክ በሚባል ሰፈር በተከራየሁት ክፍል ከአገሬ ልጆች ጋር ስንጫወት ይህን ታሪክ ስንቴ አውርቼዋለሁ፤ ጎናቸውን ይዘው ይስቃሉ። የአቡ ሰሚርን መባረር ግን ዘልዬው ነው የማልፈው፤ ጨዋታ ያበላሻል። ሚስተርን አማዋለሁ፣ እኔስ ምን የተለየ አደረግሁ? አቡ ሰሚር በልጆቹ የማለው እውነቱን ነበር። ሰውየው ሌባ አይደለም፤ ባልዲውን የጣልኩት እኔ ነኝ። ይህን ለማን ሄጄ እንደምነግር እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ ነው።