ባለቤትና ተሳቢ

ሞጣ ውስጥ ልብስ ሰፊው ሙሐመድጣሂር ጎረቤቴ ነው። ይህን የምናገረው ልኮራበት ብዬ ሳይሆን፣ የምተርከውን ነገር ከሰው ሰምቼ እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ ነው። እኔ ስማቸው እባላለሁ፤ አማርኛ አስተምራለሁ። ሥራዬ የሰው ስህተት ማረም ስለሆነ ትንሽ ቁጡ ነው ይሉኛል። ሙሐመድጣሂርን ግን አርሜ አልቻልኩትም።

በሙያው አይታማም። ኮት ከሰፋልህ ከለበስከው በኋላ ራስህን ታከብራለህ። ችግሩ አንድ ቦታ አለመቀመጡ ነው። የስፌት መኪናውን አሮጌ ፒካፑ ላይ ጭኖ የደብረ ወርቅን፣ የቢቸናን፣ አንዳንዴም የሉማሜን ገበያ ሲያካልል ነው የኖረው። የሳምንቱን እኩሌታ ቤቱ አያድርም፤ ትኋን የሞላበት አልጋ ተከራይቶ ሲያክ ያድራል። ልጆቹ ቤቱን ሞልተውት ሳሉ ሚስቱ ዘሚራ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም ነበር። የመጨረሻዋ ልጃቸው ሲሃም ባሕር ዳር ከተዳረች በኋላ ግን ቤቱ ወና ሆነባት። አንድ ቀን፣ "አንተ ሰውዬ፣ የምጣላው ሰው እንኳ አጣሁ እኮ! ትናንት ከድስቱ ጋር ስነጋገር ጎረቤት ሰማኝ" አለችው።

ጎረቤት የተባልኩት እኔ ነኝ። ሰምቻለሁ። ድስቱ አልመለሰላትም።

ሙሐመድጣሂርን ነገሩ አንጀቱን በላው። ማታውን እኔ ዘንድ መጥቶ፣ "ገበያውን ብተው ምን እበላለሁ? እሷን ብተው ከማን ጋር እበላለሁ?" አለኝ። በሳምንቱ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጓሮ ዝጎ የተቀመጠ፣ ድሮ ትራክተር ይጎትተው የነበረ ተሳቢ ገዝቶ መጣ። ቤት ሊያደርገው ነው። ቤቱንም ሚስቱንም አስከትሎ ገበያ ሊዞር ነው።

ዘሚራ ተሳቢውን ዙሪያውን ዞራ አየችው። "አንድ ጊዜ ቢቸና ድረስ እሄዳለሁ" አለች። "ካልተመቸኝ ትሸጠዋለህ፤ አንተም ከእንግዲህ ሞጣ ቁጭ ትላለህ።" እሱም እሺ አለ። እሺ ሲል ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ መንገድ የለመደ ሰው ነዋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በያጁ ስጦታው ይመስክር። ሙሐመድጣሂር ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ተሳቢውን ትከሻ፣ ወገብ፣ ቁመት እያለ ለካው። "ወገቡ ላይ ሰፍቷል፤ ትንሽ እናጥብበው። ትከሻው ላይ ደግሞ ልቀቅለት" አለ። ስጦታው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ወደ እኔ ዞረ።

"መምህር፣ ምን እያለኝ ነው?"

"ላሜራውን ከመሃል ቁረጠው፤ ጣሪያውን ሰፋ አድርገው ነው የሚልህ" አልኩት። በዚህ ዕድሜዬ ከአማርኛ ወደ አማርኛ አስተርጓሚ ሆንኩ።

ጣሪያው ተበየደ። ባሌስትራው ተለወጠ፤ ጎማውም ተቀየረ። በውስጡ አልጋና የስፌት መኪናው ገቡ፤ ጀሪካን ላይ ቧንቧ ተገጠመ፤ ጣሪያው ላይ ለመብራትና ለስልክ የሚሆን ሶላር ተሰቀለ። መስኮቱ ለሌባ እንዳይመች ብረት ተደረገለት። መጋረጃውን አትጠይቁኝ፤ መጋረጃ ያልተሰቀለበት ቦታ የለም። ለጎማዎቹ ሳይቀር ፕሊሲ ያለው ጉርድ ቀሚስ ሰፍቶላቸዋል። የኋላው በር ከላሜራ ቢሆን ለፒካፑ ይከብዳል ብሎ ከወፍራም ሸራ ሰፋው፤ መዝጊያውንም ዚፕ አደረገው። "ሱሪ ነው እንዴ?" ስለው ተቀየመኝ።

ግራሶ ደግሞ ነፍሱ ነው። የስፌት መኪና ዘይት ስለሚወድ ብረት ሁሉ እንደዚያ ይመስለዋል። ኩሽኔታውን ቀባ፤ ማጠፊያውን ቀባ፤ ተሳቢው ከፒካፑ ጋር የሚያያዝበትን ወፍራም ፒንም ቀባ። ፒኑ ወደ ላይ እንዳይወጣ የምትይዘው ሽቦ ጠፍታ ስለነበር በምትኳ በናይለን ክር አሰረው። "ይህ ክር የበሬ ቆዳ የሚሰፋበት ነው" አለኝ። ክሩ ላይ አልተጠራጠርኩም። ያሰረበት ጣት በግራሶ የራሰ መሆኑን ማንም ልብ አላለም።

ቢቸና ጉዳይ ስለነበረኝ አብሬ ለመሄድ ተነሣሁ። የፒካፑ ጋቢና መሃሉ በጨርቅ ጣቃ ስለተሞላ የሚያስቀምጠው ሁለት ሰው ነው። ዘሚራ ትራሷን ታቅፋ፣ "እኔ ከኋላ እሆናለሁ። ቤቱን ልሞክረው አይደል የተባለው?" ብላ ተሳቢው ውስጥ ገባች። ሙሐመድጣሂርም "ቢስሚላህ" ብሎ ዚፑን ከላይ እስከ ታች ዘጋባት።

ደብረ ወርቅ ስንደርስ ቆምን። ወርዶ ፒኑን እንደገና ግራሶ አጠጣው፤ ክሩንም አጠበቀው። በመስኮቱ "ዘሚራ፣ እንዴት ነው?" ሲላት፣ "አትቀስቅሰኝ፣ ፍራሹ ጥሩ ነው" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። እየሮጠ ተመልሶ፣ "ሰማህ? ጥሩ ነው አለች!" አለኝ። ሙሽራ እንጂ የልጅ ልጅ የሚጠብቅ ሰው አይመስልም ነበር።

ከደብረ ወርቅ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን አቀበት ገጠመን። ፒካፑ አቃሰተ፤ ተንፈራገጠ፤ ከዚያ በድንገት ቀለል ብሎት ሽቅብ ይበር ጀመር።

"አየህ!" አለ መሪውን እየደበደበ። "ግራሶው ሥራውን ጀመረ!"

"እውነትም ቀለላት" አልኩ እኔም። ወደ ኋላ ብናይ መልካም ነበር፤ ግን የኋላው መስታወት በጨርቅ ታፍኗል። የጎኖቹን መስታወቶች ደግሞ አቧራ እንዳይነካቸው ብሎ ሽፋን ሰፍቶላቸዋል።

ቢቸና መግቢያ ላይ አንድ ወጣት ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ሙሐመድጣሂርን ያውቀዋል።

"ጋሼ፣ ያ ሞጣ ሁሉ የሚያወራለት ተሳቢ የት አለ? ላየው ጓጉቼ ነበር" አለው።

"ከኋላ ነዋ!" አለ ሙሐመድጣሂር፣ አንገቱን እንኳ ሳያዞር፣ ደረቱን ነፍቶ።

ልጁ ሄዶ አይቶ ተመለሰ። "ከኋላ ያለው አህያ ነው፤ ጋሼ።"

"እንዴት አህያ? ባለቤቴ እኮ ውስጥ ተኝታለች!"

"ምን ውስጥ?"

"ተሳቢው ውስጥ!"

"ተሳቢውስ?"

ሙሐመድጣሂር ወርዶ አየ። አህያዋም አየችው። አማርኛ ሰዋስው ሳስተምር ስንት ዘመኔ፤ ዐረፍተ ነገር አንዳንዴ ባለቤቱ ይጎድላል፤ አንዳንዴ ተሳቢው ይጎድላል። ሁለቱም ባንድ ጊዜ የጠፉበት ዐረፍተ ነገር ሲያጋጥመኝ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነው። የቀረን ግሱ ብቻ ነበር፤ እሱም "ጠፋ" ነው።

ስንመለስ እንዴት እንደነዳ አልነግራችሁም፤ ትራፊኩ ልጅ ሊያነበው ይችላል። ሙሐመድጣሂር እንባው በጺሙ እየወረደ፣ "ዘሚራን ጣልኳት! ደህና ትሁንልኝ እንጂ ተሳቢውን በነፃ እሰጣለሁ! ሞጣ ሱቅ ከፍቼ ቁጭ እላለሁ! መንገድ የሚባል አላይም!" ይላል። እኔ በልማዴ የምናገረው አላጣም ነበር፤ ያን ቀን ግን ጨነቀኝ። ዘሚራ ደግ ሴት ናት። ከዚያ አቀበት ቁልቁል የተንከባለለ ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል እያሰብኩ የመንገዱን ግራና ቀኝ እቃኝ ጀመር።

አቀበቱ ግርጌ ስንደርስ መንገዱ በገበያተኛና በአህያ ተዘግቷል። ከሰዉ ማዶ፣ አጨዳ ባለቀበት ማሳ ውስጥ፣ ተሳቢው ጉርድ ቀሚሱን እንደለበሰ እርከን ተደግፎ ቆሟል። ሙሐመድጣሂር የፒካፑን በር ሳይዘጋ ዘሎ ወረደና ሮጠ። ሜትሩ ከአንገቱ ላይ እየተውለበለበ፣ አንድ ጫማውን መንገድ ላይ ትቶ፣ አህያ እየገፈተረ ሮጠ። እኔም ፍሬኑን ያዝ አድርጌ ተከተልኩት።

ሰዉ የተሰበሰበ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ተሰልፏል።

"ምንድን ነው እናቴ?" አልኳት መጨረሻ ላይ የቆመችውን ሴት፤ ኋላ ይርጋነሽ እንደምትባል ሰማሁ።

"ሰፊ መጥታለች። መንግሥት ነው አሉ የላካት" አለችኝ። "እኔስ ክትባት መስሎኝ ነበር የተሰለፍኩት። ግን ቀሚሴም ተቀዷል።"

ከተሳቢው ውስጥ የስፌት መኪናው ይንጣጣል። ዘሚራ በመስኮቱ ብረት መሃል እጇን አውጥታ የተቀደደ ትቀበላለች፤ የተሰፋ ታወጣለች። ልጅ ሳትወልድ በፊት ከባሏ እኩል ትሰፋ ነበር፤ እሱ ረስቶታል መሰለኝ። አንድ ገበሬ ሱሪውን ለእሷ ሰጥቶ ጋቢውን ጥብቅ አድርጎ ተከናንቦ ቆሟል። ሙሐመድጣሂር ሰዉን እየጣሰ ወደ መስኮቱ ሲጠጋ ይህ ሰው በክርኑ አገደው።

"ወረፋ!"

"ባሏ ነኝ!"

"ብትሆንስ? ሱሪዬ ይቅደም!"

ዘሚራ ድምፁን ሰምታ ብቅ አለች። ሙሐመድጣሂር የመስኮቱን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ፣ "ደህና ነሽ? ተጎዳሽ? ለምን አልወጣሽም?" አላት ባንድ ትንፋሽ።

"በምን ልውጣ? የዚፑን መያዣ ከውጭ ብቻ ነው ያደረግኸው!"

ዘመኑን ሁሉ ሱሪ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው፤ ከውስጥ ሆኖ ሱሪ የሚከፍት ሰው አይቶ አያውቅም።

"ስነቃ ቆሟል። መጋረጃውን ብገልጠው ማሳ ነው። ቢቸና እንዲህ ባዶ ናት እንዴ ብዬ አዘንኩ" አለች። "ቀጥሎ አንዱ መጥቶ 'እትዬ፣ ይሰፋሉ?' አለኝ። ቁጭ ብዬ ምን እሠራለሁ?"

ሙሐመድጣሂር እንባውን በሜትሩ ጫፍ ጠረገ። "በቃ። ወላሂ እሸጠዋለሁ። ዛሬውኑ እሸጠዋለሁ።"

"ማንን አስፈቅደህ?"

"ዘሚራ፣ ጥዬሽ ሄድኩ እኮ!"

"ጥለኸኝ መሄድህንማ ለምጄዋለሁ" አለችው። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ሰልፈኛው ግን ሁሉንም ሰማ። "ስትሄድ ሳይህ ነው የኖርኩት። ወደ እኔ ስትሮጥ ግን ያየሁህ ዛሬ ገና ነው።"

ጋቢ የተከናነበው ገበሬ እንኳ መንገድ ለቀቀለት። ሙሐመድጣሂር ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ብረቱን ይዞ አንድ እግሩ ባዶ እንደሆነ ቆመ።

"ምን ትገተራለህ?" አለችው። "ግባና የእኚህን ሰው ሱሪ ጫፉን ዘምዝምላቸው፤ ብርድ ሊገድላቸው ነው። እኔ የሴትዮዋን ቀሚስ ልያዝ። ቢቸና ሳይመሽ መድረስ አለብን።"

እሱም ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ።