ወረቀትሽን ብቻ

ዲላ ውስጥ ኢንጂነር መሆኔን የሚያውቅ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ስለ ወረቀቴ ነው። የሙያ ምዝገባ ወረቀቴን ማለቱ ነው። ተቋራጭ የሕንፃ ሥራ ፈቃዱን ለማውጣት ወይም ለማሳደስ የተመዘገበ መሐንዲስ መቅጠሩን ማሳየት አለበት። ሕጉ የወጣው መሐንዲሱ ሥራው ላይ ቆሞ እንዲቆጣጠር ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ መሐንዲሱ ቤቱ ይቀመጣል፣ ወር ሲደርስ ኪራዩን ይቀበላል።

እኔ አላከራይም አልኩ። እናቴ፣ "ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አላደርግም ብለሽ ምን ልትበዪ ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከእኔ ሌላ የሚያበላት አልነበረም።

አንድ ቀን በከተማው የተከበሩ ሽማግሌ ተቋራጭ ቤታችን መጡ። "የኔ ልጅ፣ ወረቀትሽን ብቻ ነው የምፈልገው፤ አንቺ አትደክሚም" አሉኝ።

"ወረቀቴ ያለ እኔ አይሄድም። ሥራው ላይ ካቆሙኝ እፈርማለሁ።"

ሳቁ፤ ተስማሙም። ፈረምኩ፤ ፈቃዳቸው ታደሰ። ከዚያ በኋላ በደወልኩ ቁጥር መልሳቸው "ቆይ፣ እንጠራሻለን" ብቻ ሆነ። ደመወዜ ግን ይገባል። እንደዚያ የናቀኝ ገንዘብ አላውቅም።

ሽማግሌው ብርዳሙ ደጋ፣ ቡሌ ላይ ትምህርት ቤት እየሠሩ መሆናቸውን የሰማሁት መናኸሪያ ውስጥ ከአንድ ሹፌር ነው። በማግስቱ ወጣሁ። ጋቢ ሳልይዝ በመሄዴ ራሴን እየረገምኩ ሳይቱ በር ላይ ስደርስ ሰሌዳ ተተክሏል፤ "የፕሮጀክቱ መሐንዲስ" ከሚለው ትይዩ የእኔ ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል። ዘበኛው የአገሩ ሰው፣ በዕድሜ የገፉ፣ አማርኛቸው ወንድና ሴት የሚያቀላቅል ናቸው። መንገድ ዘጉብኝ።

"ኢንጂነሩ የለም። መጥቶ አያውቅም።"

"ኢንጂነሩ እኔ ነኝ፣ አባባ።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "አንቺ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

አስገቡኝ። የምሰሶዎቹ ብረት ታስሮ አርማታ ሊሞላበት ተዘጋጅቷል። ብረቱን ዙሪያውን አቅፎ የሚይዘው ስታፋ ግን በፕላኑ ላይ ካለው እጥፍ ተራርቆ ነው የታሰረው። ፎርማኑ "ነገ ይሞላል" አለኝ። "አይሞላም" አልኩት። ለአሠሪው ደወለና ስልኩን አቀበለኝ።

"ማን ላከሽ እዚያ? እኔ የቀጠርኩት ወረቀትሽን ነው!" ሽማግሌው ጮኹ።

"ወረቀቱ እግር አውጥቶ መጥቷል" አልኳቸው።

ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ ሥራ እንደማላገኝ ነገሩኝ። እናቴ ትዝ አለችኝ። ነገር ግን እዚያ ምሰሶ ሥር የሚቀመጡት የሰው ልጆች ናቸው፤ ሕንፃው ቢወድቅ የሚጠራውም ስም የእኔ ነው። "ስታፋው ካልተጨመረ ፈቃድ ክፍል ሄጄ ስሜን አስነሣለሁ። መሐንዲስ በሌለው ፈቃድ ሲሠሩ አያለሁ" ብዬ ስልኩን መለስኩ።

ዲላ አልተመለስኩም፤ ቡሌ አደርኩ። ጠዋት ስደርስ ዘበኛው በሩን ዘግተው ቆመዋል።

"ጌታው ደወለ። እሷን እንዳታስገባ አለኝ" አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። ከጀርባቸው አርማታ ማቡኪያው ሲነሣ ይሰማኛል።

"አባባ፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ስም የእኔ ነው" አልኳቸው።

ሰሌዳውን አዩ፤ እኔን አዩ። "ይሄ ቤት ቢወድቅ የሚታሰረው አንቺ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

በሩን በረገዱትና ወደ ውስጥ ጮኹ፦ "ኢንጂነሩ መጣች!"

ትናንት ስሜን አስነሣለሁ ስል የሰማው ፎርማን ማቡኪያውን አጠፋ። ያን ቀን አርማታ አልተሞላም፤ ስታፋ ሲቆረጥና ሲታሰር ዋለ። እኔም ሕንፃው ጣራ እስኪለብስ ድረስ ከሳይቱ አልጠፋሁም።

ፈቃዱ እንደገና ሲታደስ ሽማግሌው ሌላ ወረቀት አገኙ። አሁን በከተማው ስለ እኔ የሚወራው "ወረቀቷ ጥሩ ነው፤ እሷ ናት የማትመቸው" የሚል ነው። ያውሩ። ዛሬም ስልክ ይደወልልኛል፦ "እህቴ፣ ወረቀትሽ ሥራ ይዟል ወይስ ባዶ ነው?"

"ሁለታችንም ሥራ የለንም" እላለሁ። "የምትቀጥሩ ከሆነ ሁለታችንንም ነው።"