የዳኘው ሳጥንና የልጆቹ ጨዋታ

በፍኖተ ሰላም፣ ከመኪናው መንገድ ዳር ያለችው የዳኘው ፎቶ ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ከግድግዳዋ ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል፤ ከበሩ ጀርባ ደግሞ አንድ ጥቁር ኮት በሚስማር ተንጠልጥሏል። ኮቱ የማንም አይደለም። ፎቶ ሊነሣ የመጣ ወንድ ሁሉ እሱን አጥልቆ፣ እጆቹን ከጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ ትንፋሹን ውጦ ይቀመጣል። ስለዚህ ከደምበጫ እስከ ቡሬ በየቤቱ በፎቶ የተሰቀለው ሰው ይለያያል እንጂ ኮቱ አንድ ነው።

ዳኘው የቡሬ ልጅ ነው። ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ደብረ ማርቆስ ለበዓል በሄደበት አንድ ፎቶ አንሺ ከጥቁር ጨርቅ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ አየና «ምን አለ ከውስጡ?» ብሎ ሊጠይቅ ቀረበ። ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርቱ አልተመለሰም። በሦስት እግር የሚቆም የእንጨት ሳጥኑን በአውቶቡስ ጣራ ላይ ጭኖ ፍኖተ ሰላም የገባው ሥራውን ከዚያው ሰው ተምሮ ነው።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይገርመዋል። ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ሲያወራ፣ ሲስቅ፣ ስለ በሬው ሲያማርር ይቆይና ልክ የሳጥኑ ዓይን ክዳን ሊነሣ ሲል ፊቱ ይጠፋል። «የት ነው የሚሄዱት?» ይላል ዳኘው። «አሁን ሲስቁ የነበሩት ሰውዬ ወዴት ሄደው ነው ሌላ ሰው የሚቀመጥልኝ?»

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ፣ ጎረቤቱ እማዋይሽ ነጠላዋን አስተካክላ ከበሩ ቆመች።

«አያ ዳኘው፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ እንጂ።»

ገባች፤ ግን አልተቀመጠችም። ልጇ አቻምየለሽ ለጥር ልትዳር ነበር። ፈረስ ቤት ላለ ዲያቆን ታጭታለች፤ ዕድሜዋ ገና አሥር ቢሞላ ነው።

«ነገ አባቷ ይዘዋት ይመጣሉ፤ ለአማቾቿ የሚላክ ፎቶ ይፈልጋሉ። እሱን ያንሡላቸው። እኔ ግን ሌላ ነው የምፈልገው።»

«ምን ዓይነት?»

«ስትጫወት።»

ዳኘው ያጥፈው የነበረውን ጥቁር ጨርቅ አስቀመጠ።

«እኔንም በእሷ ዕድሜ ነው የዳሩኝ» አለች እማዋይሽ። «ልጅ ሳለሁ ምን እመስል እንደነበር ባስብ ባስብ አይመጣልኝም። እናቴም የለች፤ ማንን ልጠይቅ? ከሄደች በኋላ አቻምየለሽን ሳስብ ሙሽራዋ ብቻ እንዳትመጣብኝ። ለእሷም አንድ ቀን እንዳሳያት።»

ሳጥኑ ዘገምተኛ ነው፤ ከፊቱ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ዳኘው ይህን ነገራት። ቢሆንም እምቢ አላለም፤ ነገሩ እሱንም ነክቶታል።

በማግሥቱ የአቻምየለሽ አባት ይሄይስ ልጁን ነጭ ቀሚስ አስለብሶ መጣ። ይሄይስ የበርበሬ ነጋዴ ነው፤ ከቡሬ ገበያ ሲያስጭንና ሲያራግፍ ስለሚውል ጋቢው ብቻውን ሰው ያስነጥሳል። ዳኘው ክዳኑን ይዞ እያለ ስላስነጠሰው ሥራውን ከመጀመሪያው መድገም ነበረበት። አቻምየለሽ ግን ንቅንቅ አላለችም። ዓይኗን አፍጥጣ፣ ክንዷን ከጎኗ አጣብቃ እንደ ምሰሶ ቆመች።

«እንዲህ ነው! ጨዋ ልጅ!» አለ ይሄይስ ፎቶውን ሲያይ።

ከከተማው ዳር፣ ከወንዙ ወዲህ፣ ሣር የለበሰ ሜዳ አለ። ጥቂት የጥድ ችግኝ ተተክሎበት መናፈሻ ተብሏል፤ ልጆቹ ግን «ዋርካው ሥር» ነው የሚሉት። ዳኘው ሳጥኑን ተሸክሞ ወደዚያ ወረደ። ልጆቹ ሲያዩት ሩጫቸውን አቆሙና ተሰልፈው እጅ ነሱ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደኅና። ተጫወቱ በሉ።»

«እሺ።» ማንም አልተነቃነቀም።

«ተጫወቱ እንጂ!»

«እርስዎ ቆመው?» አለች ወለተ ሥላሴ የምትባል ደፋር ልጅ።

እውነቷን ነው፤ በዚያ አገር ታላቅ ሰው ቆሞ እያለ መዝለል ነውር ነው። ዳኘው ሣሩ ላይ ተቀመጠ። እሱ ሲቀመጥ እነሱም ተቀመጡ።

በሌላው ቀን ሳጥኑን አቁሞ፣ ጨርቁን አልብሶ ራሱ ዞር አለ። ልጆቹ መጡና ሳጥኑን እጅ ነሱት።

«ሰው የለበትም እኮ!» አለ ከሩቅ።

«ድምፅዎ ይሰማል» አሉት።

ከዚያ ወዲያ ብልኃቱን ለወጠ። በየቀኑ ሳጥኑን እዚያው ይተክልና ጀርባውን ሰጥቶ የባቄላ እሸት ይፈለፍላል። ቀስ በቀስ ሳጥኑ ለልጆቹ እንደ ጉቶ ሆነ። አንዳንዱ ነጠላውን ሰቀለበት። ሩጫው፣ ጩኸቱ፣ ስድቡ ሁሉ ተመለሰ። ዳኘው በቀስታ ሄዶ ክዳኑን አነሣ፤ ፎቶው ሲታጠብ ግን ዋርካውና ችግኞቹ ጥርት ብለው ወጡ፤ በመካከላቸው የሚንሳፈፍ ጭስ እንጂ ልጅ የለም።

«ከነዚህ ልጄ የትኛዋ ናት?» አለች እማዋይሽ።

«ይቺ ረጅሟ ጭስ። ከሁሉም ትፈጥናለች።»

እማዋይሽ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሳይቆይ ወረቀቱን መልሳ ሰጠችው። ይሄይስ ነገሩን ሰምቶ መቆጣቱንም ነገረችው። የታጨች ልጅ ሜዳ ላይ ስትዘል ቢያዩ አማቾቿ ምን ይላሉ ብሏል። እስከ ጥር ከቤት እንዳትወጣ ሊከለክላት ነው።

ዳኘው በማግሥቱ ተመልሶ እሸቱን ይዞ ተቀመጠ። ልጆቹ ድብብቆሽ ጀመሩ። ዳኘው የጩኸቱን መጨመርና መቀነስ እንደ ዝናብ ይሰማዋል። በድንገት ሜዳው ጸጥ አለ። «ምን ሆኑ?» ብሎ ዞረ።

ምንም አልሆኑም። ወለተ ሥላሴ ፊቷን ዋርካው ላይ ደፍታ ዓይኗን በክንዷ ሸፍናለች። ከሌሎቹ አንዱ ከሜዳው ዳር ካለው ጉድባ ውስጥ ተኝቷል፤ አንዷ ከጉልበቷ የማያልፍ ችግኝ ጀርባ ቁጢጥ ብላ ተደብቄያለሁ ብላለች። ሁሉም በሳቅ ሊፈነዱ ደርሰዋል፤ ሁሉም ግን ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ዳኘው የባቄላውን ቅርፊት ከእጁ ጣለ። እየተጫወቱ ነው፤ አይንቀሳቀሱምም! ሳጥኑ እስካሁን የቆመው በፈላጊዋ በኩል ነበር። አንሥቶ ወደ ተደባቂዎቹ አዞረው።

ወረቀቱን ከሳጥኑ አስገብቶ ክዳኑን እንደያዘ ከመንገዱ በኩል ድምፅ ሰማ።

«አቻምየለሽ!»

ይሄይስ ነው። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ይዞ በረጅም እርምጃ ይመጣል።

«ኩኩሉ!» ብላ ጮኸች ወለተ ሥላሴ ከዋርካው።

«አልነጋም!» አሉ የተደበቁት።

አልተደበቀችም ነበር አቻምየለሽ። ጉድባውም ችግኙም ተይዞባት መሐል ሜዳ ቀርታለች። አባቷን አየችው። ዳኘው «አሁን ትሸሻለች» ብሎ አሰበ። እሷ ግን ወደ አባቷ ሮጠች።

«አባባ፣ ዝም ይበሉ! ዝም ይበሉልኝ!» ብላ ከጋቢው ሥር ገባች።

ይሄይስ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር።

«ነጋ!» አለ አንዱ ከጉድባው።

የይሄይስ አፍ ተከደነ። ዱላውን ተክሎ፣ ፊት ለፊት እያየ ቀጥ አለ። ክርኑንም ትንሽ ወጣ አድርጎ ጋቢውን አሰፋላት። ዳኘው ክዳኑን አነሣ፤ መለሰ።

ወለተ ሥላሴ ዞር ስትል ከፊቷ ታላቅ ሰው ቆሟል። እጅ ነሳች።

«አያ ይሄይስ፣ እንደምን ዋሉ? አቻምየለሽን አላዩአትም?»

ይሄይስ ጥቂት አሰበ።

«አላየሁም» አለ።

«ይሄይስ ከገበያ ውጭ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው» ይላል ዳኘው ሲያወራው። ወለተ ሥላሴ ወደ ጉድባው ስትሮጥ ይሄይስ ቀስ ብሎ ወደ ከተማው መንገድ ጀመረ። ከጋቢው በታች አራት እግር ይታያል፤ ሁለቱ ትልልቅ፣ ሁለቱ ትንንሽ፤ ትንንሾቹ እርምጃው እየቀደማቸው ዱብ ዱብ ይላሉ። ከመታጠፊያው ካለፉ በኋላ ነው የአቻምየለሽ ማስነጠስ የተሰማው፤ አንዴ ከጀመራትም አልቆመላትም።

ይሄይስ በነጋታው ማልዶ ፎቶ ቤት መጣ። ዳኘው ወረቀቱን ሰጠው። ከፎቶው መሐል አንድ ኮስታራ ሰው ቆሟል። ከጋቢው መክፈቻ የአንዲት ትንሽ ልጅ ፊት ብቅ ብሏል። ጉንጮቿ ተነፍተዋል፤ የበርበሬው ሽታ እንዳያስነጥሳት አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ጨምድዳ ይዛለች።

«ይህ እኔ ነኝ» አለ ይሄይስ።

«እርስዎ ነዎት።»

«ይህችስ... እንዲህ ትንሽ ናት እንዴ?» ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረ። «ፎቶው አሳንሷት እንዳይሆን።»

«ካሳነሰም እርስዎንም እኩል ነው የሚያሳንሰው።»

ይሄይስ ያኛውን፣ እንደ ምሰሶ የቆመችበትንም ጠየቀና ሁለቱን ደራርቦ ከጋቢው ውስጥ ከትቶ ወጣ። ዳኘው ለእማዋይሽ ሌላ አጠበላት። እሷ ስታይ አልሳቀችም። «እኔም አፍንጫዬን እንዲህ ነበር የምይዘው» አለች። «አሁን መጣልኝ።»

ጥር መጣ፤ ድንኳን ግን አልተተከለም። አንዳንዱ የወንዱ ቤት ኀዘን ገጥሞት ነው አለ፤ ሌላው ይሄይስ ራሱ «ልጅቷ ገና ናት» ብሎ ወደ ፈረስ ቤት ሰው ልኳል አለ። ይህን የማወራው እኔ ከጥር በኋላ ለመታወቂያ ልነሣ ገብቼ ከኮቱ ጎን የተሰቀለውን ያንን ፎቶ ሳይ የትኛው እውነት እንደሆነ ዳኘውን ጠየቅሁት። «እኔ ምን አውቄ? እኔ ክዳን ነው ያነሣሁ» አለኝ።

እንዲህ እያወራን አቻምየለሽ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ከበሩ ላይ አንገቷን አስገባች። ፎቶውን ቀና ብላ አየችውና አፍንጫዋን ያዝ አደረገች።

«ጋሼ፣ ወለተ ሥላሴ ዛሬም ያን ቀን የት እንደነበርኩ ጠየቀችኝ።»

«ታዲያ ነገርሻት?»

«ምን በወጣኝ!» አለች። «አልተገኘሁም እኮ። ጨዋታው መች አለቀ?»