የዘመመው ቤት ድጋፍ

ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ጋሼ ውሃልክ ነው። ግንበኛ ቢሆኑ ስሙ ባላስገረመ፤ እሳቸው ግን ታፔላ ጸሐፊ ናቸው። ጠማማ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንላቸውም። ሰው ቤት በእንግድነት ሄደው እንኳ፣ ገና ሳይቀመጡ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ያቃናሉ። ባለቤታቸው፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እኔንም ያገባኸኝ ቀጥ ብዬ ስለምቆም ነው» ትላቸው ነበር።

የባነር ማተሚያ መጥቶ ሥራቸውን ከወሰደባቸው ወዲህ ብሩሾቻቸው ጣሳ ውስጥ እንደቆሙ ቀርተዋል። ታዲያ አንድ ቀን የሰፈሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ቤታቸው ድረስ መጣች። ሴትየዋ በየሳምንቱ አንድ ባለሙያ እየጋበዘች ልጆቹን ታስተምራለች። ከሳቸው በፊት የመጣው ከበሮ መቺ ነበር፤ ልጆቹ እስካሁን ዴስክ መደብደባቸውን አልተዉም።

«አሁን የእርስዎ ተራ ነው ጋሼ» አለቻቸው። «የሦስተኛ ክፍል ልጆች በግቢው አጥር ግንብ ላይ እያንዳንዳቸው ቤታቸውን ይሳሉ። አርብ ወላጆች መጥተው ያያሉ።»

እሺ አሉ። ግን ፈሩ። የፈሩትም ያለ ነገር አይደለም። ዛሬ ነርስ የሆነችው ልጃቸው፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ላም ስላ አምጥታ አሳይታቸው ነበር። ላሟ አምስት እግር ነበራት። ጋሼ ከት ብለው ሳቁና አምስተኛውን እግር በላጲስ አጥፍተው፣ ጀርባዋንም አቃንተው መለሱላት። ልጅቷ ወረቀቱን አየችና «አንተ ታሳምረዋለህ፣ አንተው ሳል» አለች። ከዚያ ወዲህ ስትስል ያያት ሰው የለም። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሆነ፤ ነገሩ ዛሬም ይቆጠቁጣቸዋል። ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄዱ ለራሳቸው ማሉ። የልጅ ሥራ አልነካም አሉ።

ሦስት ቀን መሐላቸውን ጠበቁ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው በግንቡ ዳር ሲመላለሱ፣ ከጣሪያው የሚበልጥ በር አዩ፣ በር የሌለው ቤትም አዩ፣ ምላሳቸውን ነክሰው አለፉ። ልባቸውን ያቆሰለችው ግን የፊት ጥርሷ የወለቀው ዝምተኛዋ ልጅ ናት። የሷ ቤት እንዳለ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ያም አልበቃ ብሎ ከመሬት ተነስቶ ግድግዳው ላይ የሚያርፍ ወፍራም ቡናማ መስመር አለው። ብሩሹ አምልጧት ነው ብለው አዘኑላት።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ልጆቹ ሲበተኑ ጋሼ ከግንቡ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፤ ምን ይደረግ። «ትንሽ ብቻ» አሉ ለራሳቸው። ጠመኔ የነካ ገመዳቸውን አውጥተው፣ ወጥረው ቀጥ ያለ መስመር መቱ፣ ግድግዳውን አቃኑ፣ ያንን ቡናማ መስመር በነጭ ቀለም አጠፉት። ቤቱ የቤት ሻጭ ማስታወቂያ መሰለ። ራቅ ብለው አይተውት ደስ አላቸው፤ አፈር ልብላና፣ ደስ አላቸው።

ልጆቹ ተመለሱ። ልጅቷ ቦታዋ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ የኔ ቤት የት ሄደ?»

«ይኸው እኮ፣ የኔ እናት። ትንሽ አቃናሁልሽ።»

«እንጨቱስ?»

«የቱ እንጨት?»

«ቤታችንን የያዘው። ዝናብ ሲበዛ ግድግዳው ዘመመና አባቴ እንጨት አስደገፈው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሲሄድ በእጁ ገፋ አድርጎ ያየዋል፣ መያዙን። አሁን እኮ ይወድቃል።»

ጋሼ ብሩሹን አነሱና «እንኪ፣ መልሰሽ ሥሪው» አሏት። ልጅቷ እጆቿን ወደ ኋላ አደረገች።

«እርስዎ ያሳምሩታል። እርስዎ ይሳሉት።»

ጋሼ ባዶ የቀለም ባልዲ ደፍተው ተቀመጡበት። ነገ አባቷ ይመጣል፤ ይምጣ፣ እሱን ይቅርታ ጠይቀው ይገላገላሉ። ያቃጠላቸው ሌላ ነው። በሳቸው እጅ ሁለተኛ ልጅ ብሩሽ ልትጥል ነው፣ ያውም በዚያው ቃል።

ብዙ ቆይተው ተነሱ። ነጩን ቀለም አንስተው ያንን ያማረ ቤት ራሳቸው ከላይ እስከ ታች ቀቡት። ልጆቹ ሁሉ ሥራቸውን ትተው ያዩአቸዋል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሏት። «የማላውቀውን ቤት ጠገንኩ። በየት በኩል ነበር የዘመመው?»

«በመስኮቱ በኩል።»

«ወደ ውስጥ?»

«ወደ ውጪ ነዋ። ወደ ውስጥ ቢሆን እንጨቱን ውጪ ማን ያቆመዋል?»

«ታዲያ እንጨቱ የሚያርፈው መስኮቱ ላይ ነው?»

ልጅቷ ትዕግሥቷ አለቀ። እኚህ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት አይገባቸውም? ብሩሹን ከእጃቸው መንጭቃ ወሰደች። ነጩ ገና አልደረቀም፤ ቡናማው እየደበዘዘ ተቀላቀለበት፣ እሷ ግን ግድ አልሰጣትም። መጀመሪያ እንጨቱን አቆመች። ቤቱን በኋላ አምጥታ አስደገፈችው። ጋሼ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ጠማማውን መስመር እስከ መጨረሻው አዩት።

አርብ ዕለት አባትየው ከሥራ በቀጥታ፣ ሲሚንቶ በነካው ልብሱ መጣ። በቤቶቹ ፊት ቀስ እያለ አለፈና የልጁ ሥራ ጋ ቆመ። ማንም ሳይነግረው እጁን ዘርግቶ የተሳለውን እንጨት ገፋ አደረገው። ከዚያ ልጁን አይቶ ራሱን ነቀነቀላት። ይዟል ማለቱ ነው።

ጋሼ ይህን አይተው ቤት እስኪደርሱ አልታገሱም፤ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከግንቡ ሥር ሆነው ለነርሷ ልጃቸው ደወሉ።

«ያኔ የሳልሻት ላም፣ አምስተኛው እግሯ ምን ነበር?»

ልጃቸው ላሟን አልረሳችም።

«የሷ እግር እኮ አይደለም አባዬ» አለች። «ጥጃዋ ከኋላዋ ቆማ ነው።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅኸኝማ።»